ኦም በጆሮ ሲለካ

(ኮምቦልቻ ላይ ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክሎታል።)

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከኋላ ያላችሁትም ጭምር፤ ስልክ ማየት የለም። አሁን ይህቺን ስሙ።

ጢጥ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህቺን ድምፅ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የቴስተሬን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ሁለት ጫፎች አገናኝቼ ነው። ፊውዝ መቃጠል አለመቃጠሉን፣ ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን የምናውቀው በእሷ ነው። ግን ለምን አስፈለገች? ስክሪኑ ላይ እኮ ቁጥሩ አለ። ዜሮ ነጥብ ምናምን ብሎ በግልጽ ይጽፍላችኋል። አስቡት እስኪ፤ አንዱን ጫፍ ከጤፍ ብዙም በማትበልጥ የአይሲ (የቺፕ) እግር ላይ ይዛችኋል፣ ሌላውን ከቦርዱ ማዶ። ስክሪኑን ለማየት ቀና ባላችሁ ቁጥር እጃችሁ ይንሸራተትና የለካችሁት ጎረቤቷን ይሆናል። ዓይናችሁ ሥራ ይዟል። ስለዚህ የሆነ መሐንዲስ «ዓይኑ ሥራ የያዘ ሰው በጆሮው ይስማ» ብሎ ድምፅ ጨመረበት።

ዓይናችሁን ግለጡ። እንደምን ዋላችሁ።

የመጥሪያ ወረቀቱ «ስለ ኤሌክትሮኒክስ ፍተሻ ፈጠራዎችና ስለ አካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ፈጠራዎች» ይላል። እውነቱን ለመናገር መሀል ላይ ያለችው «ና» አልተመቸችኝም። ሁለት ርእስ ታስመስላለች። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ቦርድ ሳገላብጥ ቆይቼ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ የሚለካ መሣሪያ የሠራ ሰውና ለዓይነ ሥውር ማንበቢያ የሠራ ሰው አንድ ሙያ ላይ መሆናቸው ነው። ሁለቱም የማይታይ ነገር ወስደው ሰው ሊይዘው በሚችለው በኩል ያወጡታል። ኤሌክትሪክን ያየው ሰው የለም፤ በዚህ በኩል ሁላችንም ዓይነ ሥውራን ነን።

ይህን ያስተማረኝ ግን መጽሐፍ አይደለም። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ትንሽ ስላችሁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያወራባት ናት። አንድ የክረምት ቀን፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ገና በአሥር ሰዓት አምፖል የሚበራበት ቀን፣ አንድ ወጣት ገባ። ነጭ በትሩን አጥፎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ራዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ሲነቀነቅ ይናገራል፣ ሲቀመጥ ዝም ይላል» አለኝ። እንዲህ ያለ የብልሽት መግለጫ ከደንበኛ ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ አስቀምጦ ነው የሚሄደው።

ከፍቼ መፈተሽ ስጀምር መብራት ጠፋ። ሱቋ ጨለመች፤ እጄን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?» አለኝ።

«መብራት ሄደ እኮ።»

«አብሽሩ፣ ቴስተሩ በባትሪ አይደል የሚሠራው?»

ምን ልበለው? ነው። ጫፎቹን ሰጠሁት። የባትሪውን ቤት በጣቱ ፈልጎ፣ ሽቦው የሚነሳበትን አግኝቶ፣ ሌላውን ጫፍ ሽቦው ቦርዱ ላይ ከሚደርስበት ላይ አሳረፈ። ጢጥ። ሽቦውን በትንሿ ጣቱ ወዝወዝ አደረገው። ዝም። ደግሞ ጢጥ። «ውስጥ ለውስጥ ተቆርጧል፤ የያዘው ፕላስቲኩ ብቻ ነው» አለ። እንዳለውም ነበር። ለብየዳው መብራት እስኪመጣ ስንጠብቅ መሸ፤ ራዲዮኑን ያገኘው ከኢሻ በኋላ ነው። እኔም የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ልጅ ከእኔ የሚያንሰው ምንድን ነው? ሽቦ ማግኘት ይችላል፣ ብልሽት ማሰብ ይችላል። የሚያንሰው ቴስተሩ ስንት ኦም እንዳለ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታው ነገር ምን ያህል እንደሆነ፣ ሊነግረው ፈቃደኛ አለመሆኑ ነው። «ተገናኝቷል፣ አልተገናኘም» ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለዓይን ብቻ ይናገራል።

ይህ ደግሞ የቆየ ልማድ ነው። ቴስተር ራሱ የተወለደው ከመታከት ነው። ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበር፤ ያኔ ስልኩም በፖስታ ቤቱ ሥር ነው። የስልክ መስመር ለመጠገን በወጣ ቁጥር ለአምፒር አንድ፣ ለቮልት ሌላ፣ ለኦም ሦስተኛ መሣሪያ መሸከም ሰለቸውና ሦስቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 «አቮ» ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ አምፒር፣ ቮልት፣ ኦም ማለት ነው። የዚያ ሳጥን ዘሮች እስከ 2008 ድረስ ይመረቱ ነበር። ጥሩዎቹ አቮዎች ከመርፌው ሥር መስታወት ነበራቸው፤ መርፌውን ከጎን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ ነው። መርፌውና መስታወት ውስጥ ያለው ምስሉ አንድ ላይ እስኪጋጠሙ ራሳችሁን ታስተካክላላችሁ። ለዓይን ምን ያህል እንደተጨነቁ ተመልከቱ! ለጆሮ ግን ምንም።

አሁን ወደ ሌላኛው ሰው ልሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታሪኩን ስለምወደው።

ጆን ሊንቪል በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር ነበር። የትራንዚስተር ሰው ነው። ካንዲ የምትባል ልጁ በሦስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። እናቷ ማርጆሪ የትምህርት ቤት መጻሕፍቷን ቁጭ ብላ ወደ ብሬል ትገለብጥላት ነበር። ገጽ በገጽ፣ ነጥብ በነጥብ። መጽሐፍ የገለበጠ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ አንዱን ስትጨርስ ትምህርት ቤቱ ሌላ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1962 አባትየው አውሮፓ በነበረበት ጊዜ ጀርመን ውስጥ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሊጎበኝ ገባና አንድ ፈጣን ማተሚያ አየ። ትናንሽ መዶሻዎች እየተወረወሩ ወረቀቱ ላይ ፊደል ያትማሉ። ሌላው ጎብኚ ፍጥነቱን ያደንቃል፤ እሱ ግን «ጣቴን እዚህ መዶሻዎች ላይ ባሳርፍ ፊደሉን አውቀው ነበር?» ብሎ አሰበ።

ልብ በሉ፣ ማተሚያው አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ጥያቄው ነው።

ከጄምስ ብሊስ ጋር ሆነው የሠሩት መሣሪያ ኦፕታኮን ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በቀኝ እጃችሁ ትንሽ ካሜራ ይዛችሁ በመጽሐፉ መስመር ላይ ታንሸራትታላችሁ። ካሜራው ውስጥ 24 ረድፍ በ6 ዓምድ፣ በድምሩ 144 ብርሃን የሚሰማቸው ነጥቦች አሉ። የግራ እጃችሁ አመልካች ጣት ደግሞ በትክክል በዚያው ቁጥር 144 ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ያርፋል። ካሜራው ጥቁር ባየበት ቦታ አቻው ዘንግ ይንቀጠቀጣል። ነጭ ባየበት ዝም። የሚያንቀጠቅጣቸው ፒየዞ ነው፤ ቮልት ሲሰጡት የሚታጠፍ ቁራጭ። በቃ። ፊደሉ በጣታችሁ ሆድ ላይ ይሄዳል።

መሣሪያው ፊደሉ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አይፈታም፣ አያነብም፣ ቅርጹን ብቻ ያደርሳል። የሚያነበው ሰውየው ነው። ስለዚህ ቋንቋ አይመርጥም። የኛንም ፊደል ብትሰጡት ያንኑ ያደርጋል፤ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለያት አንዲት የጎን ጭረት ጣት ሥር ስታልፍ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ የመጡት የሚያነቡ ኮምፒውተሮች ግን ቋንቋ መማር ነበረባቸው፤ አማርኛም ወረፋ ጠበቀ። ዛሬ አማርኛ የሚናገር ነፃ ድምፅ አለ፤ አንቪዲኤ የሚባለውን፣ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ሥውራን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩትን ነፃ የስክሪን አንባቢ ጭናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። «አለ» የሚለውን ስጡትና «ተናገረ» ማለቱ ይሁን «ይገኛል» ማለቱ እንዴት እንደሚቸገር ስሙት፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍማ። ሥራ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይኸው ሥራ።

ወደ ሊንቪል ልመለስ። በአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 3,229,387 ተሰጥቶታል፤ ጥር 1966 እ.ኤ.አ.። በ1970 ቴሌሴንሰሪ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ መሣሪያውን መሸጥ ጀመረ። ምርቱ የቆመው በ1996 ነው። ቀርፋፋ ነበር፤ ብሬል የለመደ ሰው በብሬል ይበልጠዋል፤ ዋጋውም ለማንም አይደፈርም። ግን ደብዳቤ የመጣለት ሰው፣ ያልተገለበጠ መጽሐፍ የያዘ ሰው፣ ማንንም ሳይለምን ያነብበታል። ካንዲም በእሱ እያነበበች ተምራ ከስታንፎርድ በሥነ ልቦና ዶክትሬት ተቀበለች።

ፍተሻ ጋ ስንመጣስ? እዚህም ያው ችግር ነው፤ ዓይነ ሥውሩ ግን መሐንዲሱ ራሱ ሆነ።

ድሮ ፋብሪካ ውስጥ ቦርድ የሚፈተሸው በምስማር አልጋ ነበር፤ አሁንም አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፕሪንግ ያላቸው መርፌዎች ከታች ይደረደራሉ፣ ቦርዱ ላያቸው ላይ ይጫናል፣ እያንዳንዱ መርፌ አንድ ነጥብ ይነካል። ከዚያ ቺፖቹ እየረቀቁ መጡ። እግራቸው ወደ ጎን መውጣቱ ቀርቶ በትናንሽ የብየዳ ኳሶች ከሆዳቸው ሥር ተደበቀ። ሞባይል የምትጠግኑ ታውቁታላችሁ፤ አይሲው ቦርዱ ላይ ተኝቷል፣ ሥሩ ምን እንዳለ አይታይም፣ ቴስተር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአውሮፓ ድርጅቶች መሐንዲሶች በዚህ ጉዳይ ተሰባሰቡ። ስብስባቸው ጄታግ ይባላል፤ ሥራቸው በ1990 አይትሪፕልኢ (የመሐንዲሶች ማኅበር ነው) 1149.1 ብሎ ያወጣው ደረጃ ሆነ። ሐሳቡን በኛው አሳያችኋለሁ። ቤት ሲሠራ ድንጋይ ሲቀባበሉ አይታችኋል? ሰው በሰልፍ ይቆማል፣ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም። እነሱም በቺፑ እያንዳንዱ እግር ውስጠኛ በኩል አንዲት ትንሽ ሕዋስ አቆሙ፤ ሕዋሶቹን በሰልፍ አገናኙ። በአንድ ሽቦ አንድና ዜሮ ይገባል፣ በሰልፉ ይቀባበሉታል፣ በሌላ ሽቦ ይወጣል። ሁለት ተጨማሪ ሽቦዎች ምት ይመታሉ፣ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። በአራት ሽቦ! ለአንደኛው ቺፕ «በዚህ እግርህ አንድ አውጣ» ትሉታላችሁ፤ ሁለተኛውን ቺፕ «ምን ደረሰህ?» ትሉታላችሁ። ዜሮ ካለ በመሀላቸው ያለው ብየዳ አልያዘም። ሳትነኩ፣ ሳታዩ።

ያቺን የአራት ሽቦ በር ምን ብለው ሰየሟት? «የፍተሻ መዳረሻ በር»። መዳረሻ! ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ስንሠራ «ተደራሽነት» የምንለው ያው ቃል ነው። በዚህ መስክ ብቻ እጅግ ብዙ ፓተንት ያላቸው መሐንዲሶች አሉ፤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱ ሊ ዌትሰል አንዱ ነው። እናም ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በሩ ቺፑ ሲነደፍ ካልተተወ በኋላ አይከፈትም። ደሴ ውስጥ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ አልቆ ከተመረቀ በኋላ መወጣጫ ሊጨምሩለት ሲታገሉ ያያችሁ፣ ነገሩ ገብቷችኋል። ኮንክሪት መስበር ነው።

እሺ፣ የልጁን ነገር ልጨርስ። ተመልሶ መጣ፤ ራዲዮኑ ደህና ነው፣ ሙያውን መማር ግን ፈልጓል። ኦም በጆሮ የሚለካበትን መንገድ ስፈልግ ያገኘሁት ከሁላችሁም ደብተር ውስጥ ያለውን ነው፤ የዊትስቶን ድልድይ፣ የማይታወቀውን ኦም ከሚታወቀው ጋር እንደ ሚዛን የሚያስተያይ። (በነገራችን ላይ ያሰበው ሳሙኤል ክሪስቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1833። ዊትስቶን ከአሥር ዓመት በኋላ አስተዋወቀውና ስሙ በአስተዋዋቂው ቀረ። እኛም ሀገር ይህ ብርቅ አይደለም።) ይኸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከተጣለ ራዲዮ የወጣ ቮልዩም (ሲዞር ኦሙ በእኩል መጠን የሚቀየር ዓይነት)፣ አንድ የ1000 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ቁራጭ)፣ አንድ ኢርፎን፣ ድምፅ የሚያወጣ 555 አይሲ፣ 9 ቮልት ባትሪ። የማይታወቀውን ሬዚስተር እዚህ ትሰኩታላችሁ። ኢርፎኑ «ዚዚዚ» ይላል። ቮልዩሙን ስታዞሩ ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ካለፋችሁት ይመለሳል። መልሱ ዝም ያለበት ቦታ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው የሁለቱ ክሮች ድምፅ አብሮ መንቀጥቀጡ ሲቆም «መጣ» እንደሚለው ነው፤ ባቲንና አምባሰልን ላወጣ ሀገር ጆሮ ይህ ከባድ አይደለም።

ቮልዩሙ ላይ የማር ጠርሙስ ክዳን አጣብቄ ዙሪያውን በጋለ ምስማር አሥር እኩል ክፍል አድርጌ ጫርኩት። ጭረቷን በጣት መቁጠር ነው። ዝምታው ስድስተኛው ላይ ከሆነ ስድስት በአንድ ወገን፣ አራት በሌላው ቀርቷል፤ 1000ን በስድስት አባዝቶ ለአራት ማካፈል፤ 1500 ኦም። ጫፍ ጫፉ ላይ ውሸታም ነው፤ ከስምንት በላይ ስትሄዱ ትንሽ ስሕተት ብዙ ኦም ታመጣለች። ያኔ 1000ውን በ10,000 ቀይሮ ወደ መሀል መመለስ ነው።

አሁን ደግሞ ሳቁብኝ። ይህን ስጨርስ ሀብታም የምሆን መሰለኝ። ቁጭ ብዬ የፓተንት ማመልከቻ አረቀቅሁ። የፓተንት ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ያለው «ይህ የኔ ነው» የሚባልበት የይገባኛል አንቀጽ ነው፤ እኔም ምን ብዬ ጻፍኩ? «ማንኛውም የኤሌክትሪክ መጠንን በድምፅ የሚያሳውቅ መሣሪያ»። ማንኛውም! ጥሩነቱ፣ ከማስገባቴ በፊት አንድ ማታ ጉግል ፓተንትስ ላይ ፍለጋ ገባሁ። የሚናገር ቴስተር፣ የሚያፏጭ ቴስተር፣ በጣት የሚነበብ ቴስተር፤ እኔ ሳልወለድ የተመዘገበ ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ከጻፍኩት አንቀጽ ውስጥ የኔ ሆኖ የቀረው የማር ክዳኑ ብቻ ነበር።

ግን ያ ማታ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ማታ ነው። ፓተንት ስምምነት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ ብቻህን ተጠቀምበት ይልሃል፣ አንተ ደግሞ አሠራሩን ሙያተኛ ሊሠራው በሚችልበት ልክ ገልጠህ ትጽፋለህ። ጊዜው ሲያልፍ የሁሉም ነው። የሊንቪል ፓተንት በዚያ ዘመን በነበረው የ17 ዓመት ልክ ካበቃ ቆየ፤ ሥዕሉና ማብራሪያው ግን ዛሬም በነፃ ይነበባል። ሌላም አለ፤ ፓተንት በተመዘገበበት ሀገር ብቻ ነው የሚሠራው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበን ፈጠራ እዚህ ሠርቶ እዚህ መጠቀምን የሚከለክል የለም። ይህን ሁሉ ቴክኖሎጂ ማንበብ የሚያስከፍለን የኢንተርኔት ካርድ ብቻ ነው።

የኛ ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው ሀገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመራል። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆነው ግን አነስተኛ ፈጠራ የሚባለው ነው፤ የግልጋሎት ሞዴል። አዲስና ሥራ ላይ የሚውል መሆን አለበት እንጂ እንደ ፓተንት የፈጠራ ርቀት፣ ማለትም ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆን፣ አይጠየቅም። 5 ዓመት፣ ለሌላ 5 የሚታደስ። የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ሥራችሁን ባዛር ላይ ከመዘርጋታችሁ በፊት ይህን አስቡ፤ ለሕዝብ የታየ ነገር አዲስነቱ ያከራክራል።

«አንተስ አስገባህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አላስገባሁም። ልጁ፣ አሁንማ ልጅ አይደለም፣ ከጎኔ የራሱ ወንበር አለው፣ ገና አላለቀም ይላል። ትናንት ማታ እዚህ ልመጣ መሣሪያውን ስጠቀልል ከእጄ ወሰደና ክዳኑን በአውራ ጣቱ አንድ ዙር ዳሰሰው። «ጋሼ፣ ሰባተኛዋ ጭረት ጥልቀት የላትም፤ ስምንተኛ ላይ የደረስኩ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ» አለኝ። እኔ ባየው ባየው ሁሉም እኩል ናቸው። ምስማሩን ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻይ ላይ እሳት የሚያውሰኝ ካለ አጠልቃታለሁ።